የቀንድ አውጣ ሳጥን ውስጥ የመሬት ትል ማስገባት፦ ያጸዳል ወይስ አያጸዳም?

ጥያቄው የአንዲት እናት ነው፣ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «የምንኖረው እንግሊዝ ሀገር ነው። ልጄ ከትምህርት ቤቷ ሁለት ትልልቅ የአፍሪካ ቀንድ አውጣ አምጥታ 40 ሊትር በሚይዝ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እናኖራቸዋለን። ከስር አራት ጣት የማይሞላ የኮኮናት አፈር አለው። በየሁለት ሳምንቱ ብቀይረውም ይሸታል፣ ሻጋታ ያወጣል፣ አሁን ደግሞ ክር የመሳሰሉ ትንንሽ ነጭ ትሎች እያየሁ ነው። ከጓሮዬ ወደ 30 የሚሆኑ ወፋፍራም የመሬት ትሎች ቆፍሬ ብጨምር ኩሱንም ትራፊውንም እየበሉ ያጸዱልሻል፣ አፈር መቀየርም ይቀርልሻል ተባልኩ። እውነት ነው? ቀንድ አውጣዎቹንስ አይበሏቸውም?»

የጓሮውን ትል አታስገቢ። ሌላ ዓይነት ትል ማስገባት ይቻላል፣ እሱም ቢሆን አሁን ባለው አፈር ላይ ሳይሆን አፈሩ ከተስተካከለ በኋላ ነው፣ ከዛም በኋላ ቢሆን አፈር መቀየር አይቀርልሽም፣ የሚለወጠው በየስንት ጊዜው እንደምትቀይሪ ብቻ ነው። እኔ ስራዬ ትል አርብቶ ኮምፖስት ማዘጋጀት ስለሆነ ለትል ከማንም በላይ አደላለሁ፣ ግን ትል የማይሰራውን ስራ ሲሸከም ማየት አልፈልግም፣ መጨረሻ ላይ ትሉም ይሞታል ቀንድ አውጣውም ይጎዳል።

ትል ያጸዳል ሲባል ሰው የሚያስበው ቆሻሻው ወደ ትሉ ሆድ ገብቶ የሚጠፋ ነው። አይጠፋም። የመሬት ትል ጥርስ የለውም፣ ዱባና ዱባ መሳይ ነገር ገምጦ አይበላም፣ የሚበላው ባክቴሪያና ሻጋታ መጀመሪያ ያለሰለሱትን ነገር ነው፣ እንደውም ዋናው ምግቡ እነዛው ባክቴሪያና ሻጋታዎች ናቸው። ከዛ በሌላኛው ጫፍ ኩስ ሆኖ ይወጣል። የትል ኩስ ጥሩ ነገር ነው፣ አይሸትም፣ ብትንትን ያለ ጥቁር አፈር ይመስላል፣ ግን ውስጡ ያለው ናይትሮጅንና ጨው የትም አልሄደም። ሜዳ ላይ ቢሆን ዝናቡ ያጥበዋል፣ የተክል ስር ይመጠዋል። በክዳን የተዘጋ ሳጥን ግን መውጫ የለውም፣ አንቺ በእጅሽ ካላወጣሽው እዛው ይከማቻል። ስለዚህ ትል ያለበት ሳጥን ውስጥ አፈሩ «ንጹህ» መስሎ ሳለ እየከበደና እየተጨናነቀ ይሄዳል፣ ባለቤቱም ሽታ ስለሌለ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ይዘናጋል። ትልቁ ችግር ይሄ ነው።

በዛ ላይ ትሉ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። ቀንድ አውጣ ኩሱን ግድግዳው ላይ፣ ክዳኑ ላይ፣ ውሃ ሳህኑ ውስጥ ነው የሚጥለው፣ ልጋጉንም እንደዛው። ትል ብርሃን ስለሚሸሽ ላይ ወጥቶ ግድግዳ አይልስም። ያ ስራ ያንቺ ነው።

መጠኑንም እናስላው። የኮምፖስት ትል በጣም ሲመቸው በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል ይባላል፣ አንዱ ትል ደግሞ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ 30 ትል አንድ ላይ 15 ግራም ቢመዝን በቀን ቢበዛ 7 ግራም አካባቢ ነው የሚያነሳልሽ፣ ያውም ሁሉ ነገር ከተመቸው። አንድ ቁራጭ ኪያር ብቻውን ከዛ በላይ ይመዝናል። ትንሽ ኩስ ወደ አፈር መቀየር ይችላሉ፣ የተረፈ ምግብ ሁሉ ይወጡታል ማለት ግን ህልም ነው።

የጓሮውን ለምን እንደከለከልኩ ልንገርሽ። የመሬት ትል ሁሉ አንድ አይደለም፣ እንደ አኗኗሩ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ላይ ላዩን በበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ውስጥ የሚኖር ነው፣ ኮምፖስት የሚሰራው ቀዩ ትል፣ ሬድ ዊግለር የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ አይሴኒያ ፌቲዳ፣ ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው አፈሩን እየበላ ወደ ጎን የሚቆፍረው ነው፣ ብዙ ጊዜ ግራጫ ወይም ሮዝ መልክ አለው። ሦስተኛው ደግሞ ወደታች ቀጥ ያለ ጉድጓድ ሰርቶ ማታ ማታ ቅጠል እየጎተተ የሚያስገባው ወፍራሙ ነው፣ ናይትክሮለር የሚባለው፣ ሉምብሪከስ ቴረስትሪስ። አንቺ «ወፋፍራም» ያልሻቸው በአብዛኛው እነዚህ ሦስተኞቹ ናቸው። ይሄ ትል ከአንድ ሜትር በላይ ወደታች የሚቆፍር ፍጥረት ነው፣ አራት ጣት አፈር ምን ያደርግለታል? ሙቀቱም አይሆነውም። የሚስማማው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ ያንቺ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ ከ21 እስከ 26 ዲግሪ ነው ደህና የሚሆኑት። ለነሱ የሞቀ ቤት ለሱ ምድጃ ነው። ይሞታል፣ የሞተ ትል ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ቀልጦ ይገማል፣ አሁን ካለሽ ሽታ የባሰ ይገጥምሻል።

ሌላው ምክንያት መርዝ ነው። የእንግሊዝ ጓሮ ማለት ሰዎች ቀንድ አውጣን ለመግደል ለብዙ ዓመት መድሃኒት የረጩበት ቦታ ነው። ሜታልዲሃይድ የሚባለው ሰማያዊ እንክብል እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 መጨረሻ ጀምሮ ውጭ ላይ መጠቀም ታግዷል፣ ግን በጓዳ የቀረ አሮጌ ፓኬት ያለው ጎረቤት አይጠፋም፣ በቦታው የተተካው የብረት ፎስፌት እንክብልም ለቀንድ አውጣ ገዳይ ነው፣ የተሰራውም ለዛ ነው። ከዛ ውጪ ውሃ ላይ በጥብጠው የሚያፈሱት በዓይን የማይታይ ኔማቶድ የሚባል ደቃቅ ትል አለ፣ ቅርፊት የሌለውን ቀንድ አውጣ ውስጡ ገብቶ እንዲገድል ተብሎ የሚሸጥ። አንቺ ባትጠቀሚም ካንቺ በፊት ቤቱ ውስጥ የነበረው ተከራይ ምን እንዳደረገ አታውቂም። ትሉ በቆዳውም በሆዱም አፈር ይዞ ነው የሚመጣው። የአሳ ማጥመጃ ሱቅ ትልም አይሁን፣ አንዳንዱ ቀለም የተቀባ ነው፣ ፍግ ላይ ያደገ ከሆነ ደግሞ ለፈረስ የተሰጠ የትላትል መድሃኒት ቅሪት ሊኖርበት ይችላል።

አሁን ወደ ሽታው እንምጣ፣ ምክንያቱም ያንቺ ጥያቄ በእውነቱ የትል ጥያቄ አይደለም። አፈርሽ ቀጭን ነው፣ ታች ውሃ ቋጥሯል፣ አየር የለውም። አየር በሌለበት ቦታ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው የገማ እንቁላል የመሰለውን ሽታ የሚያመጡት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ከሳጥኑ ጥግ እስከ ታች ቆፍረሽ አንድ እፍኝ አውጪና ጨምቂው፣ በጣቶችሽ መሃል ውሃ ከፈሰሰ ከልክ በላይ ረጥቧል፣ ጠብታ ሳያወጣ ኳስ ሆኖ ከያዘ ልክ ነው፣ ከተበተነ ደርቋል። የመሬት ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፣ እርጥበት ያስፈልገዋል፣ ግን አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ማለትም አሁን ባለው አፈር ላይ የትኛውንም ትል ብታስገቢ ወይ ክዳኑ ላይ ተሰብስቦ ሊያመልጥ ይሞክራል ወይ ይሞታል።

የኮኮናት አፈር ብቻውን ደግሞ ለትል ባዶ ሰሃን ነው፣ ምግብነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንዳንዱ ፒት፣ ማለትም ከረግረግ የሚቆፈር የበሰበሰ የእጽዋት አፈር፣ ይጨምራል፣ ፒት በጣም ኮምጣጣ ነው፣ ፒኤች 4 አካባቢና ከዛም በታች ይወርዳል፣ ለትሉም ለቀንድ አውጣው ዛጎልም ጥሩ አይደለም። ኮምጣጣነቱን ለማስተካከል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ዱቄት ካልሲየም ካርቦኔት መደባለቅ ይቻላል። አደራ፣ ለግንባታ የሚሸጠውን የተቃጠለ ኖራ እንዳትጠቀሚ፣ እሱ ያቃጥላል፣ ቆዳቸው እርጥብ ስለሆነ ሁለቱንም ይገድላል።

ያየሻቸው ነጭ ክሮች ምናልባት ፖትዎርም የሚባሉ የመሬት ትል ትናንሽ ዘመዶች ናቸው። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዛ ያነሱ፣ ድፍን ነጭ፣ ቀስ ብለው የሚሳቡ። እርጥብና ኮምጣጣ አፈር፣ የተረፈ ምግብ ካገኙ ይፈላሉ፣ ቀንድ አውጣውን ግን አይነኩትም። እንደ መስታወት የሚያሳይ ሰውነት ኖሯቸው ጫፋቸው ጥቁር ነጥብ ካለው የትንኝ መሳይ ዝንብ እጭ ነው፣ እሱም ከሚያሰለች በቀር ጉዳት የለውም። በጣም ደቃቅ የሆኑና በቀንድ አውጣው ሥጋ ላይ ወይም በመተንፈሻ ቀዳዳው አካባቢ የሚርመሰመሱ ነገሮች ካየሽ ግን ያ ሌላ ነው፣ ለብ ባለ ንጹህ ውሃ አጥበሽ ወደ ሌላ ንጹህ ሳጥን ለይው፣ ለልዩ ልዩ እንስሳት የሚያክም የእንስሳት ሐኪምም አሳዪው።

ትል ቀንድ አውጣን ይበላል ወይ ላልሽው፣ ጤነኛውን አይበላም፣ መብያም የለውም። «ትል ገደለብኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያየው የሞተ ወይም ሊሞት የደረሰ ቀንድ አውጣ ላይ ትል ተሰብስቦ ነው። ትሉ የመጣው መበስበሱን ተከትሎ ነው፣ ገዳይ ሆኖ አይደለም። ቀንድ አውጣውም ትሉን አያድነውም፣ የሞተ ካገኘ ግን ሊቀማምሰው ይችላል፣ ችግር የለውም።

ሰው የማያስበው ጉዳት እንቁላሉ ላይ ነው። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች እያንዳንዳቸው ወንድም ሴትም ናቸው፣ ሁለቱ አንድ ጊዜ ከተገናኙ የወንዴውን ዘር ይዘው ከዓመት በላይ ማቆየት ይችላሉ፣ በአንድ ጊዜ መቶ ሁለት መቶ እንቁላል አፈር ውስጥ ይቀብራሉ። አሁን እንቁላሉ ባንድ ቦታ ተከምሮ ስለሚገኝ በማንኪያ ማውጣት ቀላል ነው። ትል ሲገባ አፈሩን ያገላብጣል፣ ክምሩ ይበታተናል፣ አንቺም «ትሎቹን እንዳልረብሽ» ብለሽ መቆፈር ትተያለሽ፣ ከዛ አንድ ቀን ስትከፍቺው ሳጥኑ በጥቃቅን ጫጩት ተሞልቶ ታገኚዋለሽ። ትል አስገባሽም አላስገባሽ በየሳምንቱ አፈሩን እስከ ታች ፈትሺ፣ ያገኘሽውን እንቁላል ሁሉ ቢያንስ 48 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አድርገሽ ከዛ ጣይው።

ስለ እጥበትም ልናገር፣ ብዙዎቻችሁ «ተፈጥሯዊ ነው» በሚል የምትሳሳቱበት ስለሆነ። ሳጥኑ የሚታጠበው በሙቅ ውሃና በጨርቅ ብቻ ነው። ሳሙና የለም፣ በረኪና የለም፣ ጨው በጭራሽ። ከሀገር ቤት የመጣ እንዶድ ያለው ሰው ካለም እንዳያስጠጋው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት'ኮ ይህንኑ ነው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር፣ ከዛ ነው እንዶድ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ለመግደል ጥናት የተጀመረው። አረፋ የሚሰጠው ንጥረ ነገሩ ነው ገዳዩ፣ የመሬት ትልንም ያንገበግበዋል። መዳብ ያለበት ነገርም ሁሉ ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው፣ የአሳ ታንክ መድሃኒት ስትገዢ መለያውን አንብቢ። በነገራችን ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት የውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፣ ያንቺዎቹ የየብስ ስለሆኑ ከዛ በኩል ስጋት የለም። ልጅሽ ግን ከነካቻቸው በኋላ ሁሌ እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ የሆድ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ሊኖሩባቸው ይችላሉ።

እንግዲህ ምን ታደርጊ። አፈሩን ሙሉ በሙሉ አውጪው። ሳጥኑን በሙቅ ውሃ እጠቢ። አዲስ አፈር ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አድርጊ፣ ግማሹ የኮኮናት አፈር፣ ግማሹ ማዳበሪያም ኬሚካልም ያልገባበት ፒት አልባ አፈር ይሁን፣ ሁለት እፍኝ ዱቄት ካልሲየም ካርቦኔት ደባልቂበት። ላዩ ላይ ከመኪና መንገድ ርቆ፣ ማንም መርዝ ከማይረጭበት ጫካ የለቀምሽውን የደረቀ የኦክ ወይም የቢች ቅጠል አፍልተሽ ወይም በኦቨን አሙቀሽ አልብሺ፣ ለትሉም ለቀንድ አውጣውም ምግብ ይሆናል። ሳጥኑ 40 ሊትር ከሆነ ለሁለት ትልልቅ ቀንድ አውጣ አፈሩ ሲጨምር ይጠብባል፣ ከቻልሽ ከፍ ያለ ሳጥን ቀይሪ። ክዳኑ አጠገብ ጎንና ጎን ላይ የአየር ቀዳዳ ይኑረው። ማሞቂያ ምንጣፍ ካለሽ ከስር ሳይሆን ከጎን፣ ከአፈሩ በላይ አድርጊው። ቀንድ አውጣም ትልም ሲሞቃቸው የሚያውቁት ማምለጫ ወደታች መቆፈር ነው፣ ከስር ስታሞቂ ያንን መንገድ ትዘጊባቸዋለሽ።

ምግብ ማታ አስገቢ፣ ጠዋት የተረፈውን አውጪ፣ በሳህን ላይ ይሁን እንጂ አፈር ላይ አትጣይ። የቤት ትራፊ፣ ወጥ የነካው እንጀራ፣ ጨው ያለው ሽሮ፣ ቅመም ምናምን አይሞከርም፣ የጾም ስለሆነ አይጎዳም የሚባል ነገር የለም፣ ጨው ጨው ነው። ለዛጎላቸው የካትልፊሽ አጥንት (ካልሲየም ያለው የባህር እንስሳ አጥንት) ሁሌ ሳጥኑ ውስጥ ይኑር።

በዚህ ሁኔታ ሦስት አራት ሳምንት ያዢው። እኔ በእርግጠኝነት የምነግርሽ ሽታው በዚህ ብቻ ይጠፋል፣ ትል ሳይገባ። ከዛ በኋላ ልጅሽ ትል ማየት ከፈለገች ወይም አፈሩ እንዲተነፍስ ከፈለግሽ ትል አርቢዎች ከሚሸጡት ቀዩን የኮምፖስት ትል አስር ብቻ አስገቢ። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ስለሚስማማው ከቀንድ አውጣዎችሽ ጋር ይቻቻላል፣ ምግብና ቦታ ካለው ራሱ ይራባል፣ ከጠበበው ደግሞ መራባቱን ይቀንሳል። ከማስገባትሽ በፊት ሦስት አራት ቀን እርጥብ ንጹህ የኮኮናት አፈር ላይ ለብቻው አቆይው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ይውጣለት፣ ከኮምፖስት ጋር የሚመጡ ማይት የሚባሉ ጥቃቅን ተባዮችም ካሉ እዛው ይታዩሻል። የአፍሪካ ናይትክሮለር ተብሎ የሚሸጠው ሙቀት ይወዳል፣ ቤታችሁ ማታ ማታ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን አይመከርም። ትሎቹ በተደጋጋሚ ግድግዳ ላይ ሲወጡ ካየሽ መልሰሽ አትቅበሪያቸው፣ አፈሩ ችግር እንዳለበት እየነገሩሽ ነው፣ እርጥበቱን እይ። ትል ገባም አልገባ በየቀኑ ኩስና ትራፊ ማንሳት፣ በየሳምንቱ ግድግዳውን መጥረግ፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ደግሞ ቢያንስ ግማሹን አፈር መቀየር ይቀጥላል።

ዓላማሽ ሻጋታ መቀነስ ብቻ ከሆነ ግን ትሉን ተይውና ስፕሪንግቴይል ግዢ። ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ነጭ ነፍሳት ናቸው፣ ሻጋታውን ራሱን ነው የሚበሉት፣ ላይም ታችም ይሄዳሉ፣ ቢሞቱም አይሸቱም። ለዚህ ስራ ከትል ይሻላሉ፣ ይሄን የምለው ትል አርቢ ሆኜ ነው። አይሶፖድ የሚባሉ፣ ድንጋይና ግንድ ስር የሚኖሩ ባለ ብዙ እግር ትናንሽ ፍጥረታት የሚያስገቡም አሉ፣ ትልልቆቹ ዓይነቶች ሲርባቸው የቀንድ አውጣውን ዛጎልና ሥጋ ሊለክፉ ስለሚችሉ እኔ አልመክርም። ትሉን በእውነት መጠቀም ከፈለግሽ የተሻለው መንገድ ለብቻው ባልዲ ሰጥተሽ ከሳጥኑ የምታወጪውን ኩስና ትራፊ ለሱ መመገብ ነው። እዛ ስራውን በነጻነት ይሰራል፣ አንቺም ለአበባ ማሰሮሽ የሚሆን ማዳበሪያ ታገኛለሽ። እንቁላል እንዳይኖረው ግን መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ አሳልፊው።

መጨረሻ ላይ ስለ ህጉ፣ ይሄን የሚያነቡት እንግሊዝ ያሉ ብቻ አይደሉምና። እንግሊዝ ውስጥ ማርባት ይፈቀዳል፣ ወደ ውጭ መልቀቅ ወንጀል ነው። አሜሪካ ያላችሁ ትልቁን የአፍሪካ ቀንድ አውጣ ያለ ፌዴራል ግብርና መስሪያ ቤቱ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ምክንያት አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ልጅ ከሃዋይ ሦስት ይዞ ማያሚ ገብቶ ጓሮ ውስጥ ከተለቀቁ በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ ከ18,000 በላይ ተገኙ፣ ለማጥፋት አስር ዓመት ገደማና ከሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ፣ በ2011 እንደገና እዛው ማያሚ ታዩ። ሃዋይ ደግሞ በ1955 ይሄንኑ ቀንድ አውጣ እንዲበላ ብለው ሌላ አዳኝ ቀንድ አውጣ አስገቡ፣ እሱ ግን ከደሴቶቹ የራሳቸው ብርቅ ቀንድ አውጣዎች ብዙዎቹን ጨረሰ። አንዱ እንስሳ ያመጣውን ችግር በሌላ እንስሳ እፈታለሁ ብሎ መቸኮል እንዲህ ነው የሚያደርገው። ትሉንም ቢሆን ወደ ሜዳ አትልቀቁ፣ በተለይ ሰሜን አሜሪካ፣ በበረዶ ዘመን ተሸፍነው የነበሩ ጫካዎች የራሳቸው የመሬት ትል የላቸውም፣ ከውጭ የገባው የወደቀውን ቅጠል ቶሎ እየበላ ጫካውን ያራቁተዋል። ስለዚህ ከሳጥኑ የወጣውን አሮጌ አፈር ጓሮ ላይ አትድፉ፣ ከረጢት ውስጥ አስራችሁ ሁለት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩትና ከቤት ቆሻሻ ጋር ጣሉት።